ቢላው የቀደመበት ዘመን፦ የቱሬት ሕመምና የአንጎል ቀዶ ሕክምና

በ1962 የካናዳ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ቤከር የተባሉ ሐኪም የጻፉትን አጭር ዘገባ አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘገባው በቱሬት ሕመም ይሠቃይ ስለነበረ አንድ ታካሚ የሚናገር ነው፤ ከግንባር ኋላ ያለውን የአንጎል ክፍል ከጥልቁ ክፍል ጋር የሚያገናኙት የነርቭ ክሮች በሁለቱም በኩል ተቆርጠውበት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1961፣ ሴኞ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ሀሎፔሪዶል የተባለው አዲስ መድኃኒት የዚህኑ ሕመም መወራጨትና ጩኸት እንደሚያበርድ ጽፈው ነበር። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ የታተሙት እነዚህ ሁለት ጽሑፎች የሚቀራረቡት በዘመን ብቻ ነው። ዛሬ ማንኛውም የሕክምና መመሪያ መድኃኒቱን ከፊት፣ ቀዶ ሕክምናውን ከኋላ ያስቀምጣል፤ በታሪኩ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የገቡት። ስለ ቱሬት ቀዶ ሕክምና ሲጻፍ የሚተረከው አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያ ታሪክ ነው፤ ቢላው ለቀጭን መርፌ፣ መርፌው ደግሞ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ቦታውን እንዴት እንደለቀቀ። ሐሰት የለበትም፤ ዋናው ነገር ግን ያ አይመስለኝም። ቀዶ ሕክምናው የመጨረሻ አማራጭ ለመባል የበቃው መሣሪያው ስለረቀቀ ሳይሆን፣ የሚቀድሙት ሕክምናዎች አንድ በአንድ ስለተሠሩና ሐኪሙ የገዛ ሥራውን ውጤት ብቻውን መመስከር ስላቆመ ነው። ሁለቱም ነገሮች የመጡት ዘግይተው ነው፤ ቀዶ ሐኪሞች ግን አልጠበቋቸውም።

ሕመሙ ራሱ በሕክምና መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1825 ነው። የፓሪሱ ሐኪም ዣን ኢታር፣ በአቬሮን ጫካ የተገኘውን ዱር አደግ ልጅ ለማስተማር በመድከም የሚታወቁት እኒሁ ሰው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውነቷ ሳትፈቅድ የሚወራጭ፣ በጨዋ ሰዎች መካከል ተቀምጣ ጸያፍ ቃል የሚያመልጣት አንዲት ባላባት ሴት ጉዳይ ጻፉ። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1885፣ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል የታላቁ የነርቭ ሐኪም የሻርኮ ደቀ መዝሙር የነበረው ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት እሷን ጨምሮ ዘጠኝ ታካሚዎችን ሰብስቦ አንድ ሕመም ናቸው አለ። ሻርኮም ሕመሙን በተማሪው ስም ጠሩት። ሁለቱ ሰዎች በዘር የሚወረድና ዕድሜ ልክ የማይለቅ ነው ብለው አመኑ፤ መዳን የለውም ከተባለ ደግሞ የሚሰጥ ሕክምና አይኖርም። ዛሬ ከዚህ የተሻለ እናውቃለን። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ በዓይን መርገብገብ ወይም በፊት መሸማቀቅ ይጀምራል፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይብሳል፣ ከጉርምስና በኋላ ለብዙዎቹ እየቀለለ ይሄዳል። በሕዝብ ዘንድ የገነነው ጸያፍ ቃል የሚወጣቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ የሕመሙ አካሄድ ለቀዶ ሕክምናው ታሪክ ቁልፍ ነው፦ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚቀል ሕመም ላይ የተሠራ ማንኛውም ነገር የሠራ ሊመስል ይችላል።

ከቱሬት በኋላ ያለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ሕመሙን ከአንጎል አውጥቶ ወደ ጠባይ ወሰደው። በ1902 ሜዥና ፌንዴል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስለ ቲክ፣ ማለትም ሳይፈቅዱ ስለሚመጣ እንቅስቃሴና ድምፅ፣ ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። ታካሚውን የፈቃድ ኃይል ያነሰው፣ እንደ ሕፃን የቀረ ሰው አድርገው ቢስሉትም ያዘዙለት ሕክምና ግን መስታወት ፊት ቆሞ ሳይንቀሳቀስ መቆየትን የሚያስለምድ ልምምድ ነበር፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ያስታውሳል። ቀጥሎ የሥነ ልቦና ትንታኔ ተራ ሆነ። ሻንዶር ፈረንዚ በ1921 ቲክን ከታፈነ የወሲብ ስሜት ጋር አያያዙት፤ በ1940ዎቹ ማርጋሬት ማለር ልጆቹን በዚሁ ዓይነት መንገድ መረመሩ። ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን ላለመንፈግ ያህል፣ ቢያንስ ታካሚውን ቁጭ ብለው ያዳምጡት ነበር። ነገር ግን ሕክምናው አልሠራም፣ ጥፋቱም በወላጆች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ስለዚህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሕመሙ የጠናበት አንድ ጎልማሳ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከፊቱ የነበረው ምርጫ ዓመታት የሚፈጅ ፍሬ አልባ ንግግር፣ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ፣ ወይም ቤት ተዘግቶ መቅረት ነበር።

ቢላው የገባው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። በኅዳር 1935 ኤጋሽ ሞኒሽ በሊዝበን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ክሮች በማቋረጥ የአእምሮ ሕሙማንን ለማከም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አስደረጉ። በማግሥቱ ዓመት ዋልተር ፍሪማንና ጄምስ ዋትስ ዘዴውን ዋሽንግተን ላይ ጀመሩት። ፍሪማን በ1946 ደግሞ የራስ ቅል መብሳት እንኳ የማያስፈልገው፣ በዓይን ጉድጓድ በኩል የሚገባ ስል ብረት ይዘው መጡ። በአሜሪካ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሎቦቶሚ የተባለው ይህ ቀዶ ሕክምና ተሠራባቸው። ሞኒሽ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ዛሬ ብዙዎች ሊያስታውሱት የማይፈልጉት ሽልማት ነው። የዚያን ዘመን ሐኪሞች መከራከሪያ ቀላልና ለመመለስም አስቸጋሪ ነበር፦ ሌላ ምን አለን? በ1952 ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት መጥቶ የአእምሮ ሕክምናን መልክ ሲለውጥ ይህ መከራከሪያ ፈረሰ፤ ሎቦቶሚም እየከሰመ ሄደ። የሚገርመው፣ ወደ ቱሬት ታካሚዎች የደረሰው ሌላው ዓለም እየተወው በነበረበት ወቅት መሆኑ ነው። ቤከር ዘገባቸውን ሲያወጡ ክሎርፕሮማዚን አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን የምለው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም ሐኪም የሚያክመው በዘመኑ በሚያውቀው ነው። ሆኖም ሌላ ምን አለን የሚለው ጥያቄ እውነተኛ የሚሆነው ጠያቂው መልሱን ፈልጎ ከሆነ ነው፤ ቱሬት እምብዛም የማይታይ ሕመም ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ፈላጊ አልነበረውም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የረቀቀ ነበር። በ1947 ሽፒገልና ዋይሲስ ፊላዴልፊያ ውስጥ በራስ ቅል ላይ በሚታሰር ፍሬምና በልኬት እየተመሩ አንጎል ውስጥ ጥልቅ የሆነ ነጥብ ላይ የሚያደርስ ዘዴ በሰው ላይ ከሠሩ ወዲህ ሰፊ ቦታ ሳይቆርጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ማቃጠል ተችሎ ነበር። በ1970 ጀርመናዊው ሮልፍ ሃስለር ከባልደረባቸው ዲክማን ጋር በዚህ ዘዴ የሦስት ቱሬት ታካሚዎችን ታላመስ፣ ማለትም መልእክት ከአካልና ከጥልቁ አንጎል ወደ ላይኛው የሚያልፍበትን ክፍል፣ በተመረጡ ነጥቦች ላይ ማቃጠላቸውንና ቲኩ በእጅጉ መቀነሱን ዘገቡ። ሃስለር የአንጎልን ጥልቅ ክፍሎች ካርታ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ ነጥቡን የመረጡት በግምት አልነበረም። ሌሎቹ ግን በየፊናቸው ሄዱ። አንዱ የፊተኛውን ክፍል ቆረጠ፣ ሌላው ከስሜት ጋር የተያያዘውን መሐለኛ ቀለበት፣ ሌላው ታላመስን፣ ሌላው ደግሞ ትንሹን አንጎል። ቴሜልና ቪሰር ቫንደዋለ በ2004 እነዚህን ዘገባዎች ሁሉ ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኟቸው ታካሚዎች በአርባ ዓመት ውስጥ ስድሳ ከምናምን ብቻ ነበሩ፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ አጥጋቢ አልነበረም፣ የአንድ ጎን ሽባነትና የጡንቻ መኮማተር የተከተለባቸውም ነበሩ። ከጉዳቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልኬቱ ነው። የቲክን ክብደት በቁጥር የሚመዝነው፣ ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት የዬል መለኪያ የታተመው በ1989 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቀዶ ሐኪም ታካሚው ተሻለው ሲል፣ በምን ተመዝኖ፣ በማን ዓይን፣ ከየትኛው ወር ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ የሚጠይቀው አልነበረም። ቲክ ደግሞ በባሕርዩ የሚነሳና የሚተኛ ነው። ታካሚ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በጠናበት ሰሞን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት መቅለሉ አይቀርም፤ ምስጋናው ለቢላው ይሰጣል።

ቀዶ ሕክምናው በዚህ ዓይነት ሲንገዳገድ ሳለ የሚቀድሙት ሕክምናዎች በሌላ መንገድ ይገነቡ ነበር። አርተርና ኢሌን ሻፒሮ የተባሉ የኒውዮርክ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1965 አንዲት ወጣት ታካሚን በሀሎፔሪዶል ማከም ጀመሩ፤ ውጤቱን በ1968 ሲያሳትሙ አብረው የተናገሩት የሚበልጠው ነገር ሕመሙ የአንጎል እንጂ የአስተዳደግ አለመሆኑን ነበር። በ1972 እዚያው ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ የታካሚ ቤተሰቦች ማኅበር ተመሠረተ። በ1973 አዝሪንና ነን የተባሉ የጠባይ ሕክምና ባለሙያዎች ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚቀድመውን ስሜት ለይቶ ማወቅንና በምትኩ ሌላ እንቅስቃሴ ማድረግን የሚያስተምር ዘዴ አወጡ። ከዚህ ዘዴ ያደገው ሥልጠና በ2010 በ126 ልጆች ላይ ተፈትኖ ከምክርና ከማስተማር ይልቅ ቲክን እንደሚቀንስ ታየ። ክሎኒዲንን የመሳሰሉ ለስለስ ያሉ መድኃኒቶችም ተጨመሩ። ሀሎፔሪዶል ራሱ ፍጹም አልነበረም፤ ሰውነትን ያደርቃል፣ ያደነዝዛል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ሌላ የማይፈለግ እንቅስቃሴ ሊያመጣ ስለሚችል ብዙዎች ጥለውታል። ግን አንድን መድኃኒት ሞክሮ መጣል ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ከመድረሱ በፊት የሚቆጠር፣ የሚመዘገብ፣ አልሠራም የሚባል ነገር ተገኘ። የእነዚህ ሕክምናዎች አብዛኛው ክፍል ርካሽ መሆኑም ልብ ይባል። ሀሎፔሪዶል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ የእኛ አገር የአእምሮ ሐኪሞችም በሚገባ የሚያውቁት ነው፤ የጠባይ ሥልጠናው የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰውና ጊዜ እንጂ ማሽን አይደለም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ከፓርኪንሰን ሕክምና በተወሰደ ዘዴ ነው። በ1987 አሊም ልዊ ቤናቢድ በግሬኖብል የታካሚን ታላመስ ከማቃጠል ይልቅ ቀጭን ሽቦ አስገብተው በፈጣን የኤሌክትሪክ ምት መንቀጥቀጥን አስታገሡ። ሽቦው ከቆዳ ሥር ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይያያዛል፤ ምቱ ሊጨመር፣ ሊቀነስ፣ ሊጠፋም ይችላል። በ1999 ቪሰር ቫንደዋለና ባልደረቦቻቸው ይህንን ዘዴ ሕመሙ ለጠናበት አንድ የ42 ዓመት ሰው መጠቀማቸውን በላንሴት መጽሔት አሳወቁ። ነጥቡን ያገኙት ከሃስለር ነው። በሦስት ሰዎች ላይ ተሠርቶ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲወዛገቡበት የቆየው ያ የ1970 ሥራ ለአዲሱ ዘዴ አድራሻውን ሰጠ ማለት ነው። ይህ ያለፈውን ሁሉ በድፍኑ ለመኮነን ለሚቸኩል ሰው የማይመች ሐቅ ነው፤ እኔም አልሸሸውም። ከስድሳ ከምናምን ታካሚዎች ስቃይ አንድ ጠቃሚ ነጥብ ተገኝቷል። ግን ያ ዕውቀት በዚያ መንገድ መገኘቱ መንገዱን ትክክል አያደርገውም፤ ልኬትና ማነጻጸሪያ ቢኖር ኖሮ ከጥቂት ታካሚዎች ይበልጥ ይታወቅ ነበር። በ2004 ደግሞ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የ31 ዓመት ወጣት ላይ የተሠራው ቀዶ ሕክምና የአሜሪካን ቴሌቪዥን አጥለቀለቀ፤ ምቱ ሲከፈት ያ ሁሉ መወራጨት ረግቦ ወጣቱ ተረጋግቶ ሲራመድ አገር አየ። ቤተሰቦች ወደየሆስፒታሉ ስልክ መደወል ቢጀምሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የአሜሪካው የቱሬት ማኅበር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በሩን ማጥበብ ግድ ሆነባቸው፦ ታካሚው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ በዬል መለኪያ የቲክ ክብደቱ ከ50 ከ35 በላይ ሆኖ አንድ ዓመት የቆየ፣ የተለያዩ የመድኃኒት ዓይነቶችንና የጠባይ ሕክምናን ሞክሮ ያልተሳካለት እንዲሆን። በታሪኩ ውስጥ የመጨረሻ አማራጭ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር የተጻፈው ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ቢላ ከአርባ ዓመት በኋላ።

አዲሱ ነገር ሽቦው ብቻ አይደለም፤ ሽቦው የሚፈቅደው ምዘናም ነው። ምቱ ስለሚጠፋ፣ ታካሚውም መዛኙም ሳያውቁ አንዱን ጊዜ አጥፍቶ ሌላውን ጊዜ ከፍቶ ማነጻጸር ተቻለ፤ በቢላ ይህ የማይታሰብ ነበር። የተገኘው መልስ ግን ከቴሌቪዥኑ የቀዘቀዘ ሆነ። በ2007 ክሊቭላንድ ላይ ከአምስት ታካሚዎች ሦስቱ ተሻላቸው። በ2011 በኔዘርላንድ በስድስት ሰዎች ላይ ምቱ ሲበራ ከጠፋበት ጊዜ ይልቅ ቲኩ በ37 በመቶ ቀነሰ። በ2015 በብሪታንያ በ15 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ በዚህኛው ፓሊደም የተባለውን ሌላ ክፍል በማነቃቃት፣ ልዩነቱ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2017 የታተመው የፈረንሳዮቹ ጥናት ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ በእውነተኛው ምትና በማስመሰያው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በዓመቱ፣ በ2018፣ በአሥር አገሮች ከሚገኙ 31 ተቋማት የተሰበሰበ የ185 ታካሚዎች መዝገብ ታተመ፤ በዚያ ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ የቲኩ ክብደት በአማካይ በ45 በመቶ ወርዶ ነበር። መዝገቡ ግን ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ ሁሉም ታካሚ ምቱ እንደበራ ያውቃል።

እንግዲህ አንዱ ተቃዋሚ ይነሳና፣ ሳያውቁት ሲመዘን ልዩነቱ ከጠፋ ነገሩ ሁሉ የተስፋ ውጤት ነው፣ ይቁም ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ራስ ተበስቶ ሽቦ የገባለት ሰው ለመሻል ያለው ጉጉት ከክኒን በእጅጉ ይበልጣል። ቢሆንም ሦስት ነገር ያዳክመዋል። ምቱን ከታካሚው ጋር ማጣጣም ብዙ ወራት ይወስዳል፤ በሦስት ወር ውስጥ የተደረገ ምዘና ገና ያልተስተካከለ መሣሪያ የመዘነ ሊሆን ይችላል። ታካሚዎቹም በጥቂቱ የተቆጠሩ ስለሆኑ ጥናቱ እውነተኛ ልዩነት ቢኖር እንኳ ላያየው ይችላል። በተስፋ የመጣ መሻል ለዓመታት መዝለቁም የሚያጠራጥር ነው። የእኔ ፍርድ፣ ማስረጃው ሕክምናው ለአንዳንዶች እንደሚሠራ ለማመን ይበቃል፣ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ለመናገር ግን አይበቃም። ለዚህም ነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዘዴውን ለመንቀጥቀጥ በ1997 ቢፈቅድም ለቱሬት እስካሁን ፈቃድ ያልሰጠው፤ የሚሠሩት ሐኪሞች በራሳቸውና በታካሚው ኃላፊነት ነው የሚሠሩት። ይቀለበሳል የሚባለውም በልክ መወሰድ አለበት። በመዝገቡ ላይ ከመቶ ታካሚ በአንዱ ገደማ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ በሁለት ወይም በሦስቱ ኢንፌክሽን ደርሷል፤ የንግግር መኮላተፍ የመጣባቸውም አሉ። ሚላን ላይ ደግሞ የቱሬት ታካሚዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ለኢንፌክሽን እንደሚጋለጡ ታይቷል፤ ቁስሉን ከመነካካት እጃቸውን መግታት የሚሳናቸው አሉ።

ሌላኛው ተቃዋሚ የሚመጣው ከወዲያ ማዶ ነው፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስጨንቃል። ቲክ አንገትን እየገጨ የአከርካሪ ነርቭን የጎዳበት፣ ዓይኑን የሚመታ፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው አለ። ለእሱ 25 ዓመት ሞልቶ፣ መድኃኒቶቹ ሁሉ ተሞክረው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ተገኝቶ ይጠበቅ ማለት፣ ከቢሮ ወንበር ላይ የሚነገር ርኅራኄ የጎደለው ሥርዓት አይደለምን? በከፊል ነው። ለአካል ጉዳት የሚያበቃ ቲክ ያለበት ሰው ሰዓቱ ከሌላው ይለያል፤ መመሪያ ሁሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ክፍተት ሊተው ይገባል። የዕድሜው ገደብ ግን የተቀመጠው ሕመሙ ከጉርምስና በኋላ ለብዙዎች ስለሚቀል ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሽቦ የገባለት ልጅ በሃያ ዓመቱ ቢሻለው የማን ሥራ እንደሆነ ማንም ሊነግረው አይችልም፣ ባትሪውን ግን በየጥቂት ዓመቱ እየተቀደደ ሊያስለውጥ ነው። የሚቀድሙት ሕክምናዎች በሌሉበት አካባቢ የሚኖር ታካሚም የመጨረሻው አማራጭ ቀድሞ ስለደረሰው ዕድለኛ አይሆንም። ይህ ለእኛም የሚቀርብ ነገር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የራስ አደጋን፣ ዕጢንና ውሃ የቋጠረ የሕፃናት ጭንቅላትን የሚያክሙ ባለሙያዎች አፍርቷል፤ ሽቦና ባትሪ ከመምጣቱ በፊት ቲክ ያለበትን ልጅ ሰይጣን ነው ወይም ባለጌ ነው ከማለት ወደ ክሊኒክ የሚልክ መምህርና የጠባይ ሥልጠናውን የሚሰጥ ባለሙያ ይቀድማሉ።

በ2015 የታደሰው የአሜሪካው የቱሬት ማኅበር መመሪያ የ25 ዓመቱን ገደብ አነሳው፤ በምትኩ ከ18 ዓመት በታች ያለ ታካሚ ጉዳይ በሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ አለ። ለውጡን በመርሕ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ጉዳት ዕድሜ አይጠብቅም። ቁጥር ግን ማንም ሊለማመጠው አይችልም፤ ኮሚቴ ይለመናል። ልጁን የያዘው ቀዶ ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሆስፒታልና ኮሚቴው አንድ ጣሪያ ሥር በሚሆኑበት ቦታ፣ የጠባይ ሕክምናው በእርግጥ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ፣ በማን፣ የሚጠይቅ ከውጭ የመጣ ሰው መኖር አለበት። የቲክ ሕክምና ሞክሬ አልሠራልኝም የሚል ታካሚ ሁሉ በሚገባ የሠለጠነ ሰው አግኝቶ እንዳልሆነ ከአሜሪካ እስከ አውሮፓ ያሉ ክሊኒኮች ያውቁታል።